ፍሬኑ ሲያፏጭ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤትና ስለ ቤት ዕቃ ብዙ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ከግቢያችን በር ላይ ስለምትቆመው መኪና፣ በተለይም ስለሚያፏጭ ፍሬን እናነሣለን። «እኔ መኪና የለኝም» የምትሉም ብትሆኑ ገጹን አትለፉት። መኪና ባይኖራችሁም በሰው መኪና መሳፈራችሁ አይቀርምና፣ ሾፌሩን «ወንድሜ፣ ይህ ድምፅ ምንድን ነው?» ብላችሁ ለመጠየቅ ይረዳችኋል።

ጉዳዩን ከራሴ ስሕተት ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምንኖረው ጂንካ ነበር። አንዲት ያረጀች ፒክአፕ ነበረችን። በበልግ ወራት ከፊት የግራ ጎማ በኩል ቀጭን ፉጨት መሰማት ጀመረ። ባለቤቴ ገና በመጀመሪያው ቀን ነበር የሰማችው። «ትሰማለህ? ይህች መኪና እያፏጨች ነው» አለችኝ። «አቧራ ነው፣ ይለቃታል» አልኋት። በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ነገረችኝ። እኔም መልስ ከመስጠት ይልቅ የመዝሙሩን ድምፅ ከፍ አደረግሁ። እውነቱን ለመናገር ፉጨቱ እኔም ይሰማኝ ነበር፤ ነገር ግን ጋራዥ መሄዱ ወጪ ነው፣ ወጪውም በዚያ ወር አይመችም ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ለዘመድ ሠርግ ቤተሰቡን ይዤ ኮንሶ ሄድሁ። ስንመለስ ከኮንሶ ወደ ወይጦ የሚወርደውን ረጅም ቁልቁለት ያዝን። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ሸለቆው ከፊት እየተዘረጋ መሄድ ነው። ፉጨቱ በድንገት ጠፋና በምትኩ ወፍጮ ደረቅ ድንጋይ የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ መጣ። በአንድ መታጠፊያ ላይ ፍየሎች መንገዱን ሞልተውታል፤ በመካከላቸው ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመት የማይበልጥ እረኛ በትሩን ይዞ ቆሟል። ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ወደ ታች ሰመጠ። ደጋግሜ ረገጥሁት፣ ማርሽ ቀነስሁ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብሁ። መኪናዋ የቆመችው ልጁ በትሩን ቢዘረጋ ሊነካት በሚችልበት ርቀት ላይ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁም ፍየሎቹም አልተነኩም።

ባለቤቴ «ነግሬህ ነበር» አላለችም። ለረጅም ጊዜ ዝም ካለች በኋላ፣ «የዚህ ልጅ እናት ማታ ቤቷ ትጠብቀዋለች» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የፍሬን ፉጨት በሰማሁ ቁጥር ይህ ንግግሯ ትዝ ይለኛል።

እርሷና ልጆቹ በሚኒባስ ተሳፍረው ወደ ጂንካ ሄዱ፤ እኔ መኪናዋን ይዤ ወይጦ አደርሁ። በማግስቱ መካኒኩ መጥቶ ጎማውን ሲያወልቅ የፍሬኑ ሸራ ፈጽሞ አልቆ፣ ብረት ከብረት ጋር እየተፋቀ ዲስኩን እንደ እርሻ ፈር አርሶታል። ከብዙ ዓመት በፊት የተሞላው የፍሬን ዘይትም በሙቀቱ ፈልቷል። በጊዜው በአንድ ጥንድ ሸራ ያልቅ የነበረው ነገር ዲስክም፣ ዘይትም፣ የሁለት ቀን ሥራም አስከፈለኝ።

ለመሆኑ ፉጨቱ ከምን ይመጣል?

ብዙ ትንንሽ መኪኖች ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ደግሞ ታምቡር ፍሬን አላቸው። ፔዳሉን ስንረግጥ የፍሬን ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም ሸራውን ከሚሽከረከረው ዲስክ ጋር ያጣብቃል። ሁለቱ ሲፋተጉ ሸራው ዲስኩን ይይዛል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይይዛል። ይህ በሰከንድ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ብረቱ ይርገበገብና ድምፅ ይሰጣል። የመሰንቆ ጭራ ገመዱን እየያዘ እየለቀቀ እንደሚያዜመው ማለት ነው። ስለዚህ ፉጨት ሁሉ የአደጋ ምልክት አይደለም፤ ፉጨት ሁሉ ግን መመርመር አለበት። መለየት የሚቻለው ድምፁ መቼና እንዴት እንደሚሰማ በማዳመጥ ነው።

አንደኛ፦ ጠዋት ብቻ የሚሰማ። ሌሊት ዝናብ ወይም ጤዛ ከነበረ ዲስኩ ላይ ስስ ዝገት ይይዛል። ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ ተፍቆ ይጠፋል። ይህ አያሳስብም።

ሁለተኛ፦ ፍሬን ሳይረገጥ የሚሰማ፣ ሲረገጥ ግን የሚጠፋ ወይም የሚለወጥ ቀጭን ፉጨት። በብዙ ሸራዎች ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ሸራው ሊያልቅ ሲቃረብ ይህች ምላስ ዲስኩን እየነካች እንድትጮኽ ሆን ተብሎ ተሠርታለች። የእኔም መኪና ሦስት ሳምንት ሙሉ ስታስጠነቅቀኝ የነበረው በዚህች ምላስ ነው። ይህን ከሰማችሁ ሸራ ለመቀየር አትዘግዩ።

ሦስተኛ፦ ፍሬን ሲረገጥ ብቻ የሚሰማ ፉጨት። ምክንያቱ አቧራ፣ በሙቀት ብዛት እንደ መስተዋት የለሰለሰ ሸራ፣ ከሸራው ጀርባ የጠፋ ስስ ቆርቆሮ፣ ወይም ግራሶ ያጣ መንሸራተቻ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፦ ያለማቋረጥ ቆርቆሮ ሲፋቅ የሚመስል ድምፅ። ጠጠር መንገድ በሚበዛበት በደቡብ ኦሞ ይህ የተለመደ ነው። አንዲት ጠጠር በዲስኩና ከጀርባው ባለው የቆርቆሮ መከለያ መካከል ትገባለች። አንዳንድ ጊዜ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ መንዳት ብቻ ያወጣታል፤ ካልወጣች ጎማውን አውልቆ መከለያውን በካቻቪቴ በጥንቃቄ ፈልቀቅ ማድረግ ይበቃል።

አምስተኛ፦ እንደ ወፍጮ የሚፈጭ ድምፅ። ሸራው አልቆ ብረት ብረትን እየበላ ነው። መኪናውን አቁሙ፤ «ቤት እስክደርስ» አይባልም።

ባልና ሚስት አብረው ቢመረምሩት

በመኪናው ውስጥ ሆኖ ድምፁ ከየትኛው ጎማ እንደሚመጣ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ሰው በማይበዛበት ሜዳማ ቦታ አንዳችሁ በእግር ፍጥነት ንዱ፤ ሌላችሁ በጎን በኩል ራቅ ብላችሁ እየተራመዳችሁ አዳምጡ። ሾፌሩ ፍሬን ያዝ ለቀቅ ያድርግ። ከዚያም በሌላኛው ጎን ድገሙት።

ጥቂት ኪሎ ሜትር ተነድቶ ሲቆም ደግሞ እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ጠጋ አድርጉ፤ ሊያቃጥል ስለሚችል አትንኩት። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ በጣም የሚግል ከሆነ፣ ወይም ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ከሆነ፣ ካሊፐሩ ተጣብቆ ሸራውን አልለቅም ብሏል ማለት ነው።

ቀጥሎ ቦኔቱን ከፍታችሁ የፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያውን ተመልከቱ። የላይና የታች መስመር አለው። ሸራ እየሳሳ ሲሄድ ዘይቱ ዝቅ ይላል። ብዙ ሰው ዝቅ ማለቱን ሲያይ ዘይት ይጨምርና ነገሩን ይረሳዋል። ከመጨመር በፊት ግን ሸራው አልቆ ይሆን ወይስ የሚያፈስ ቦታ አለ ብሎ ማየት ይገባል።

በመጨረሻ በቸርኬው ቀዳዳ በባትሪ እያበራችሁ ሸራውን እዩ። አዲስ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። የልጆቻችሁን ማስመሪያ ተጠቀሙ፤ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ከወረደ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል። በውጭ በኩል የሚታየው ሸራ ደኅና ሆኖ የውስጡ ያለቀ ሊሆን ስለሚችል፣ ጎማውን አውልቆ ሁለቱንም ማየት ይሻላል።

በቤት ሊሠራ የሚችለው

የፊት ዲስክ ፍሬንን ማጽዳትና ሸራ መቀየር ጥንቃቄ ላለው ሰው የሚከብድ ሥራ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግን የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ይሁን።

መኪናውን ደረቅና ሜዳ በሆነ መሬት ላይ አቁሙ። ማርሽ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ ደግፉ። የጎማውን ቡሎኖች ከመሬት ሳይነሣ በጥቂቱ አላሉ፤ ከዚያ በክሪክ አንሡ። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር እጅም ሆነ ራስ አይገባም። ጠንካራ የእንጨት ግንድ አስደግፉ፤ የወለቀውንም ጎማ ከሻንሲው ሥር አስገቡት። ብሎኬትና ሸክላ በድንገት ስለሚሰነጠቁ ለዚህ አይሆኑም።

የፍሬን አቧራ በአፍም በኮምፕሬሰርም አይነፋም። በተለይ በአንዳንድ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል፣ የሳንባ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ሊኖር ይችላል። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ አቧራውን በሳሙና ውኃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን በላስቲክ አሥራችሁ ጣሉ። ልጆችን አርቁ፤ የሠራችሁበትንም ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አትጠቡ።

ከመፍታታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ቁራጭ አቀማመጥ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። የካሊፐሩን የታች ቡሎን ፈትታችሁ ወደ ላይ አጥፉት። ሙሉ በሙሉ ከወለቀ በሽቦ እሰሩት እንጂ በዘይት ቱቦው ላይ አታንጠልጥሉት።

አሁን ሸራውን ተመልከቱ። ገና ወፍራም ሆኖ ፊቱ እንደ መስተዋት ካብለጨለጨ፣ በውኃ በራሰ የብርጭቆ ወረቀት ፊቱን ቀስ ብላችሁ ሻከር አድርጉትና አድርቁት። ዘይት ወይም ግራሶ የጠጣ ሸራ ግን አይታጠብም፣ ይጣላል። ዲስኩ ጥፍር የሚይዝ ጥልቅ ፈር ካለው ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል ወይም ይቀየራል። ከስንት ሚሊ ሜትር በታች መሳሳት እንደሌለበት በብዙ ዲስኮች ላይ ተጽፎ ይገኛል።

አዲስ ሸራ ከገዛችሁ ሁልጊዜ የግራውንና የቀኙን አብራችሁ ቀይሩ፤ አንዱን ብቻ የቀየረ ሰው መኪናው ወደ ጎን ይጎትትበታል። ሲገዛ አሮጌውን ናሙና ይዞ መሄድ ይጠቅማል። በተለይ ዕቃው ከአርባ ምንጭ ወይም ከአዲስ አበባ በሰው የሚላክ ከሆነ፣ የማይገጥም ዕቃ ለመመለስ ሌላ ሳምንት ያልፋል።

አዲሱ ወፍራም ስለሆነ ፒስተኑ ወደ ውስጥ መመለስ አለበት። የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈቱ፣ አሮጌውን ሸራ በፒስተኑ ላይ አስደግፋችሁ ቀስ ብላችሁ ግፉት። ዘይቱ እንዳይፈስ ተጠንቀቁ፤ የፍሬን ዘይት የመኪናውን ቀለም ይልጣል። ከዚያ በሸራው የጀርባ ብረትና በሚንሸራተትበት ቦታ ላይ ለፍሬን የተሠራ፣ ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ ቀቡ። ተራ ግራሶ ሲሞቅ ቀልጦ ይፈሳል። ዲስኩን በሚነካው ፊት ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ መድረስ የለባትም። ስሱን ቆርቆሮና ትንንሽ ሞላዎቹን «ያለ እርሱም ይሠራል» ብላችሁ አትተዉ፤ ፉጨትን የሚከለክሉት እነርሱ ናቸውና።

ሁሉንም መልሳችሁ ከገጠማችሁ በኋላ የጎማውን ቡሎኖች በተርታ ሳይሆን አንዱንና ከፊት ለፊቱ ያለውን እያፈራረቃችሁ አጥብቁ። መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ ጠንካራ እስኪሆን ድረስ ደጋግማችሁ ርገጡት። ይህን ረስቶ ሞተር ያስነሣ ሰው የመጀመሪያው ፍሬን ባዶ ሆኖበት ከግቢው ግድግዳ ጋር ይጋጫል። ከዚያም ነጻ መንገድ ላይ ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ 10 ያህል ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ ቀንሱ፣ በየመካከሉ ጥቂት ነድታችሁ አቀዝቅዙት። አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር የሚስማማው እንዲህ ነው።

ፈጽሞ የማይደረግ

ፉጨቱን ዝም ለማሰኘት በዲስኩ ላይ ዘይት ወይም ናፍጣ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። ድምፁ በእርግጥ ይጠፋል፤ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል። በጋለ ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋትም ዲስኩን ያጣምመዋል ወይም ይሰነጥቀዋል። በፍሬን ዘይት ፈንታ የሞተር ዘይት መጨመር ደግሞ ጎሚኒዎቹን አሳብጦ መላውን ፍሬን ያበላሻል።

ፔዳሉ የሚሰምጥ ከሆነ፣ ዘይት የሚያፈስ ካለ፣ የፍሬን መብራት ከበራ፣ ወይም ችግሩ ብዙ ሞላ ባለው የኋላ ታምቡር ውስጥ ከሆነ፣ ሥራውን ለመካኒክ ስጡ። የአይሱዙና የሌላ ከባድ መኪና ፍሬንም የቤት ሥራ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከሉ ወዲህ የመጡትን የኤሌክትሪክ መኪኖች የምትነዱም፣ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ስለሚያዘገይ ፍሬኑ ብዙ አይሠራም፤ ባለመሥራቱ ዝጎ ሊያፏጭ ይችላልና አልፎ አልፎ ጠንከር አድርጋችሁ ፍሬን ያዙ።

ቁልቁለትና ፍሬን

ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,490 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ወደ ማጎ ፓርክ ሲወረድ ሜዳው በአንዳንድ ስፍራ ከ500 ሜትር በታች ነው። ስለዚህ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ያን ያህል ሲወርድ፣ ጉልበቱን ሁሉ ፍሬን ይያዘው ብንል፣ የሚፈጠረው ሙቀት ሦስት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይቃረባል። ይህ ሁሉ ሙቀት መዳፍ በሚያህሉ ጥቂት ሸራዎች ላይ ሲያርፍ ሸራው ይለሰልሳል፣ ዘይቱም ይፈላል።

የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋም ሲረገጥ ይጨመቃል እንጂ ፒስተን አይገፋም። የእኔ ፔዳል የሰመጠው በዚህ ምክንያት ነበር። በመሆኑም ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ማስቀየር መልካም ነው።

ቁልቁለት ስትጀምሩ በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ራሱ ይይዛችኋል። ፍሬኑን ሳታቋርጡ አትጫኑት፤ ጠንከር አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ልቀቁት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መውረድ፣ ይባስ ብሎም ሞተር ማጥፋት፣ ፍሬኑን ያለ ረዳት መተው ነው። የሚቃጠል ሽታ ከሸተታችሁ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ በራሱ እስኪበርድ ውኃ ጠጡ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ተጨዋወቱ።

ውድ አንባቢያን፣ ሐሙስ የቀይ አፈር፣ ቅዳሜ የጂንካና የዲመካ ገበያ ነው። በነዚህ ቀናት መንገዱ በእናቶች፣ በሕፃናትና በከብት ይሞላል። እነርሱ የእኛን መኪና ሸራ ሊለኩ አይችሉም፤ የሚያምኑት እንደምንቆም ብቻ ነው።

በእኛ ቤት ከዚያ ጊዜ ወዲህ አንድ ልማድ ይዘናል። በየወሩ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ለመኪናዋ እንሰጣለን። እኔ ቀስ እያልሁ እነዳለሁ፣ ባለቤቴ በውጭ እየተራመደች ታዳምጣለች፤ ትልቁ ልጃችን ማስመሪያውን ይይዛል። የእርሷ ጆሮ ከእኔ እንደሚሻል አምኜአለሁ። «አፏጨ» ስትለኝም የመዝሙሩን ድምፅ እቀንሳለሁ።

በሰላም ግቡ።